ሜዳውን በሰዓት ስናካፍል

በቀበሌያችን አንድ ሜዳ ብቻ ነበረ። ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ፣ ቤቶቹ የሚያልቁበት ላይ፣ እስከ ወንዙ ድረስ የሚወርድ ሣር ነው። ከላይ በኩል ሦስት ያረጁ ጥዶች ቆመዋል፤ ከታች ውሃው አለ። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባለርስት ነበር ይባላል። መሬት የመንግሥት ሲሆን በወረቀት የቀበሌው ሆነ፤ በተግባር ግን ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ባለቤቱ ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚያው ሠፈር ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በጠዋቱ ፈረቃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በቀበሌ ምርጫ ጊዜ አንድ ሰው ጠቆመኝ፣ እጅ ወጣልኝ፣ የልማት ኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ። እምቢ ማለት በዚያ ዘመን ብዙ የሚሞከር ነገር አልነበረም። ደግሞ አልደብቅም፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሊቀመንበሩ ኮሚቴውን ቢሯቸው ሰበሰቡን። የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር፣ ልባቸው ክፉ ያልሆነ፣ ነገር ግን ከበላይ የመጣ ወረቀት አጥብቀው የሚፈሩ ሰው።

"ከከፍተኛው ትእዛዝ መጥቷል" አሉ። ከፍተኛ የሚባለው ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። "ባዶ መሬት ሁሉ ይለማል። ሜዳው የአትክልት ቦታ ይሆናል። ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር። እሑድ ቁፋሮ እንጀምራለን።"

"ሙሉ ሜዳው?" አልኩ።

"ሙሉው። አጥርም ይታጠራል።"

እሑድ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ። ስም ስለሚጠራ የቀረ የለም። ገና አንድ መደብ ሳንጨርስ የሠፈሩ ኳስ ተጫዋቾች ማልያቸውን ለብሰው ደረሱ። አምበላቸው በአንድ ክር ፋብሪካ የሚሠራ ረጅም ወጣት ነው። የባሕር ዛፍ ጎላቸው ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቆ ሲያይ አነሣውና መልሶ ተከለው። አንዱ አብዮት ጠባቂ ነቀለው። አምበሉ እንደገና ተከለው። ሦስተኛው ላይ እሱንና በረኛውን ወስደው ቀበሌ ቢሮ እስከ ማታ አስቀመጧቸው።

በዚያው ሰዓት ከታች በኩል ሌላ ነገር ተነሣ። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ዘመድ ለሚያስታምሙ ሰዎች ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ። የታጠበውን ሣሩ ላይ ያሰጡታል። ከሁሉም ታላቅ የነበሩት እማማ፣ በዚያ ሥራ አራት ልጆች ያሳደጉ፣ ቁፋሮው ወደሚያሰጡበት ሲጠጋ ሳፋቸውን አስቀመጡና ዶማው ፊት ቁጭ አሉ።

"እኔንም ደርበህ ቆፍረኝ" አሉት ጎረምሳውን። "ከዚህ ወዴት ልሂድ? እርጥብ ልብስ ራሴ ላይ አላሰጣ።"

ጎረምሳው ዶማውን ተደግፎ ቆመ። የዚያን ቀን ቁፋሮ እዚያው ላይ አበቃ።

ሮብ ደግሞ ወደ ሸጎሌ ገበያ የሚነዱት በጎች እንደ ወትሯቸው ሜዳውን አቋርጠው ሲያልፉ በተቆፈረው ላይ የተከልነውን ችግኝ ግማሹን በሉት፣ ግማሹን ረገጡት። የበጎቹ ባለቤት በሠፈሩ የተከበሩ ሐጂ ናቸው፤ ቢሮ ተጠርተው ሲመጡ ሊቀመንበሩን በትሕትና አዳመጡና፣ "በግ አዋጅ አያነብም፤ ሌላ መንገድ ካለ አሳዩን፣ በዚያ እንነዳለን" አሉ። ሌላ መንገድ አልነበረም።

ሐጂ ከወጡ በኋላ እኔ ቀረሁ።

"ሁለት ሳምንት ይስጡኝ" አልኳቸው ሊቀመንበሩን።

"ለምኑ?"

"ሜዳው ላይ ማን፣ መቼ፣ የት እንደሚውል ልጻፍ።"

"ይህ ምን መጻፍ ያስፈልገዋል? ሁሉም ሁልጊዜ ነው የሚመጣው።"

"እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። ግን ቆጥሬው አላውቅም።"

"የአጥሩ እንጨት በሁለት ሳምንት የሚደርስ መሰለሽ?" አሉ። ፈቃድ መሆኑ ገባኝ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ሜዳው እሄዳለሁ። ከጥዶቹ ሥር ቁጭ ብዬ ደብተሬ ላይ ሜዳውን ሣልኩት፤ ከዚያ በየሰዓቱ የሚሆነውን እሞላለሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ የሚያልፈኝን ጠዋት እማማን እጠይቃለሁ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ምንም አይረሱም። "ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ነበርን። ሮብ በጎቹ ፀሐይ ሳትሞቅ አልፈዋል። ሐሙስ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም" ይሉኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ መጥተው ደብተሩን እያዩ፣ "የኔ ሴቶች የትኛዋ መስመር ላይ ናቸው?" አሉኝ። አሳየኋቸው። በጣታቸው ቀስ አድርገው ነኩት።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ያገኘሁት ነገር እኔኑ አስገረመኝ። እዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚጣላው ሜዳው ጠቦ አልነበረም። በጎቹ የሚያልፉት ሮብና ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ያውም ከሁለት ሰዓት በፊት። ሴቶቹ የሚፈልጉት ፀሐዩን ነው፤ ከሦስት እስከ ስምንት ሰዓት። ኳሱ በሥራ ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አይጀመርም፤ ተጫዋቾቹ ሠራተኞች ናቸውና። የቀበሌው ሰልፍና ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነው። ከወንዙ በላይ ያለውን ማዕዘን ደግሞ ውሃ ስለሚያቁር ማንም አይረግጠውም፤ ኳስ አይነጥርበትም፣ ልብስ ይጨቀይበታል። መሬቱን በእጄ ዘገንኩት። ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ለጎመን ከዚያ የተሻለ አልነበረም። እኛ የቆፈርነው ደረቁን ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ስብሰባው እዚያው ሣሩ ላይ ተጠራ። ከከፍተኛው አንድ ወጣት ካድሬ ተልኮ መጥቷል፤ ካኪ ለብሶ፣ ማስታወሻውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። እኔ ሜዳውን አሮጌ የግድግዳ ካርታ ጀርባ ላይ በትልቁ ሥዬ ጥዱ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ማዕዘኑን አሳየሁ፣ ሰዓቶቹን አነበብኩ፣ ለበጎቹ ከላይ በኩል አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይተው አልኩ። ለቅሶ ሲኖር ደግሞ የእድሩ ድንኳን ከሁሉም ይቅደም አልኩ።

ካድሬው እጁን አወጣ። "ጓድ ጸሐፊ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። አገር ምርት ይፈልጋል። ኳስን ከምርት እኩል የምታስቀምጪው እንዴት ነው?"

የዚህ ዓይነት ጥያቄ ወዴት እንደሚወስድ ሁሉም ያውቃል። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት አዩ።

"ጓድ" አልኩ፣ "ኳስ መሬት አይበላም፤ የሚበላው ሰዓት ነው። ሲመሽ ተጫዋቹ ቤቱ ይገባል፣ ሣሩ እዚያው ይቆያል። ደረቁን መሬት ብናርሰው ኳሱም ይቀራል፣ ጎመኑም አይበቅልም። እርጥቡን ማዕዘን ስጡንና በጥር መጥታችሁ እዩት።"

"ውሃ የሚያጠጣውስ?"

ከኋላ አምበሉ ተነሣ። "እኛ እናጠጣዋለን" አለ። "ከጨዋታ በኋላ፣ በየቀኑ። ወንዙ ቅርብ ነው።"

ሐጂ ተከትለው፣ "የመተላለፊያውን አጥር እንጨት እኔ አመጣለሁ" አሉ። እማማ ብቻ ቁጭ እንዳሉ ናቸው። "እኔ የምለው የለኝም" አሉ፤ "እዚያ ወረቀት ላይ ተጽፈናል።"

ካድሬው ማስታወሻው ላይ ጻፈ፣ ጻፈ፤ ከዚያ፣ "እስከ ጥር ይሞከር" አለ። ያኔ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰው ዲፕሎማውን ሲቀበል የሚሰማው ዓይነት ነው፤ እኔ የእኔን ስቀበል ግን እንደዚያ አልተሰማኝም።

ሥራው እንደ ወረቀቱ ቀላል አልሆነም። ኳሱ ጎመኑ ውስጥ ይገባል፤ ሴቶቹ አንዳንድ ቀን ደመና ሲሆን ልብሳቸው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይደርቅም። እየተነጋገርን ደነገግን፦ ኳሱን አትክልት ውስጥ የጨመረ ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን ያጠጣል። መጀመሪያ የተቀጣው ራሱ አምበሉ ነው። በሁለት ቆርቆሮ ውሃ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ሰዉ መንገድ ዳር ቆሞ ሳቀበት፤ እሱም ሳቀ። ለደመናው ቀን ሴቶቹ ከጥድ ወደ ጥድ ገመድ ወጠሩ። ኅዳር ላይ ውርጭ መጣና ድንቹን ጨረሰው። ሊቀመንበሩ ጥፋቱ የእኔ የሆነ ያህል አዩኝ። ጎመኑና ቀይ ሥሩ ግን ቆመው አደሩ። የደረሰው ለሠፈሩ ጧሪ ለሌላቸው አዛውንት ታደለ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በጥር ነው። ከጳውሎስ በኩል ካለ ቀበሌ ጋር ለዋንጫ የሚደረግ ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ተይዟል። ሠፈሩ ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው፤ ጎሎቹ በኖራ ተቀብተዋል፣ መስመሩ ተሠምሯል። በዚያው እሑድ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። የእማማ ባል፣ ለረጅም ጊዜ ታመው የተኙት፣ አርፈዋል።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳማ ቦታ መሐሉ ብቻ ነው። ወረቀቱ ለቅሶ ይቀድማል ይላል፤ ግን ወረቀት ወረቀት ነው፤ ለአንድ ጨዋታ ሲሉ ድንኳኑን ዳገቱ ላይ ይገፉታል ብዬ ፈርቻለሁ። ስደርስ አምበሉና ሁለት ጓደኞቹ ጎሉን እየነቀሉ ነው።

"ማን ነው ያዘዛችሁ?" አልኩት።

"ማንም፣ እትዬ። ዳገት ላይ ለቅሶ ደራሽ አይቀመጥም። ድንኳኑ መሐል ይተከል።"

"እንግዶቹስ?"

"መንገድ ላይ ሄጄ እመልሳቸዋለሁ።"

እንግዶቹ በጭነት መኪና፣ ከበሮ እየመቱ ነበር የመጡት። አምበሉ ዊንጌት ጋ አስቁሟቸው ነገራቸው። ከበሮው ወዲያው ቆመ፤ ነገር ግን አልተመለሱም። ማልያቸው ላይ ኮትና ጃኬት ደርበው መጡ፤ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ከመጋዘን እያወጡ ተሸከሙ። ያ ሁሉ ለዋንጫ የመጣ ወጣት ቀብር አጅቦ ሄደ። ሐጂ ከሰዎቻቸው ጋር መጥተው ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሙ፤ ከእማማ ልጆች ጋር ተቃቅፈው አጽናኗቸው።

ሰልስቱ እስኪወጣ ድረስ ሜዳው ላይ ኳስ አልተመታም። በሦስተኛው ቀን እማማ እጄን ይዘው፣ "ሰውዬውን በደንብ ሸኘናቸው አይደል?" አሉኝ። "በደንብ" አልኳቸው።

ጨዋታው በሳምንቱ ተካሄደ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። አምበላችን ዋንጫውን የወሰዱትን ልጆች እስከ መኪናቸው ሸኛቸው።

ከዚያ በኋላ ካድሬው መጣ። አትክልቱን ዞሮ አየ፣ መተላለፊያውን አየ፣ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ አየ። "ይቀጥል" ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈና ሄደ። ሊቀመንበሩም የሰዓቱን ሰሌዳ በቀበሌው ማኅተም አትመው ቢሯቸው ደጃፍ ለጠፉት፤ ከሌላ ቀበሌ እንግዳ ሲመጣባቸው ይዘውት ወደዚያ ይሄዳሉ፣ "የእኛ ሥራ ነው" ይላሉ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ፣ "የእኛ" ሲሉ አላረማቸውም። የእኛ ነበር።

ሁለት ዓመት ከኮሚቴው ጋር ሠራሁና በምርጫ ለሌላ ሰው አስረከብኩ። ትምህርት ቤቱም ወደ ሌላ ፈረቃ አዛወረኝ፤ ሜዳውን የማየው በሩቁ ሆነ። በዚያው ዓመት መሠረተ ትምህርት ተስፋፋና ቦታ ጠፋ። ጥዶቹ ሥር አዋቂዎች ሊማሩ ነው ሲባል ሰማሁና ስጋት ገባኝ፤ ሴቶቹ ገመድ የወጠሩት እዚያ ነው፣ በጎቹ የሚያልፉት በአጠገቡ ነው። ማንም ግን አልጠራኝም። አንድ ቀን በቀበሌው ደጃፍ ሳልፍ ቆም ብዬ የተለጠፈውን አየሁ። አዲስ ወረቀት ነው፤ አዲስ መስመር ገብቶበታል፤ ትምህርቱ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ልብሱ ከገመድ ከወረደ በኋላ፣ ኳሱ ሳይጀመር። ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ራሳቸው ጨርሰውታል። እኔ ብሆን ይህን ሰዓት አገኘው ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ፤ አላገኘውም ነበር።

በሕይወቴ ብዙ ልጆች አስተምሬ ለቁም ነገር ሲበቁ አይቻለሁ። ያን ወረቀት ሳነብ የኮራሁትን ያህል ግን የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም። ፈረቃዬ ሊደርስ ነበርና መንገዴን ቀጠልኩ።