የብስክሌት ኢንች፣ የቴሌቪዥን ኢንች

ሰውየው የሱሪውን ቀኝ እግር ካልሲው ውስጥ እንደከተተ፣ ብስክሌቱን በር ላይ አቁሞ ቴሌቪዥን መሸጫው ገባ።

«ልጄ፣ የብስክሌት ኢንች ይገባኛል፤ ጎማው ከዳር እስከ ዳር ነው። የዚህስ?»

«ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሰያፍ ነው አባባ» አለች ሻጯ።

«ቀጥ ያለ ነገር አይሆንላችሁም ማለት ነው» አለና ካርቶኑ ላይ ያለውን ሌላ ቃል በጣቱ ነካ። «ሪዞሉሽንስ?»

«የምስሉ ጥራት ነው። ከፍ ካለ ደቃቅ ጽሑፍም ይነበባል።»

ይህን ሲሰማ ወንበር ስቦ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ትራስ ላይ እንደተኛ ሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ። የተከፈተውን ቴሌቪዥን ድምፅ አስጠፍቶ ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈውን ዜና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።

«ለማን ነው አባባ?»

«ለባለቤቴ። አልጋ ከያዘች ከረመች፤ ጆሮዋም ከድቷታል። ማታ ማታ ወሬውን እየጻፍኩ አሳያታለሁ። ይሄኛውን ስጪኝ፤ እኔ ሥራ ስውል የሚያጫውታት ታገኛለች።»