የአራሷ ጠጠር

አካፋ ጠጠር ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ያ ኸርር የሚል ድምፅ ዛሬም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላይ እስከ በረንዳዬ ሲደርስ፣ የያዝኩትን ትቼ ብድግ እላለሁ፤ ማንን ሊያስነሡ ነው ብዬ።

ልጅ ሳለሁ ለቡ ገና ሜዳ ነበር። እናቴ እርጉዝ ነበረችና ክረምቱ ሳይገባ ከኪራይ ቤት ወጥቼ በራሴ ጣሪያ ሥር ካልወለድኩ ሞቼ እገኛለሁ ስላለች፣ አባቴ በበጋው ማለቂያ ጠጠር አስደፋ። ሠራተኞቹ አካፋ ባነሡ ቀን አንዲት ሆዷ ነጭ፣ እግሯ ረጅም ወፍ ከክምሩ ላይ ተነሥታ ሰፈሩን በጩኸት አቀለጠችው። ቀርበን ብናይ አራት እንቁላል! ጭራሮ የለ፣ ሣር የለ፣ መልካቸው ቁርጥ ጠጠሩን፤ ዓይኔን ዘወር አድርጌ ስመልስ ይጠፉብኝ ነበር።

ግንበኛው ጋሽ ሙዘይን «እትዬ፣ ለወፍ ብለን ሥራ ልንፈታ ነው?» አላት እናቴን።

«አራስ ከመኝታዋ ትነሣለች እንዴ?»

«ኧረ ገና አልፈለፈለችም እኮ!»

«አንተ ነህ የምትነግረኝ? ከወዲያ በኩል ዛቅ!»

ከዚያ ወዲያ ስሟ «አራሷ» ሆኖ ቀረ። ባልና ሚስቱ በየተራ ይታቀፉ ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ ከበርሜሉ ሥር ካቆረው ውሃ ሆዷን ነክራ መጥታ እንቁላሎቹን ታቀዘቅዝ ነበር። ውሻ ሲመጣ ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተጎተተች አርቃ ትወስደውና ብር ትል ነበር፣ እኛም በሳቅ እንፈርስ ነበር። ለአህያ ግን ማስመሰል የለም፤ ክንፏን ዘርግታ ፊት ለፊቱ ትገተር ነበር፣ ያውም ሲሚንቶ ከተጫነ አህያ ጋር! አህያው ዞሮ ሲሄድ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ተመታ፣ ክምሩም እያነሰ እያነሰ ከአራሷ ሥር ያለው ብቻ ቀረ። ክረምቱ ሲያጉረመርም ቤቱ ገባን፤ የጎደለው በዚያው በአራሷ ጠጠር የሚሞላው ደጃፉ ብቻ ነበር፣ እናቴም በዚያ ሆዷ ጭቃውን ግድግዳ እየያዘች ትሻገረው ጀመር። አንድ ጠዋት አዳለጣትና ለጥቂት ተረፈች። አባቴ አካፋውን አንሥቶ ወደ ክምሩ ሄደ። አራሷ አልሸሸችም፤ ክንፏን ዘርግታ ጫማው ሥር ቆመች። አባቴ አያት፣ አያት፣ አካፋውን አስቀመጠና ተመለሰ።

«እንደ አህያው ዞርክ?» አለችው እናቴ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ ዝናብ ባባራበት ማለዳ፣ አራቱም ተፈልፍለው አገኘናቸው። ላባቸው ሳይደርቅ በእግራቸው ቆሙ፤ እናታቸው አንዴ ስትጮህ ባሉበት ድርቅ ሲሉ ተመልሰው ጠጠር ሆኑ። ሲመሽ ተከትለዋት ሣሩ ውስጥ ገቡ።

«አይ የኛ ነገር!» አለች እናቴ፣ «እኔ አርባ ቀን ልተኛ ነው!»

በዚያ ጠጠር ደጃፋችን ተሞላ፤ ሲሚንቶው እንደጠነከረ ወንድሜ ተወለደ።

ወንድሜ አድጎ ደጃፉን ሴራሚክ ላንጥፍበት ሲል እናቴ «የአራሷ ነው፣ አይነካም» ብላ መለሰችው። በልጅነቴ ከደጃፉ ላይ ሜዳው እስከ ወንዙ ይታይ ነበር፤ አሁን አጥርና ፎቅ ነው። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ አብረን እዚያው ተቀምጠን፣ «እማ፣ ያቺ ወፍ ዛሬ ብትመጣ የት ትታቀፋለች?» አልኳት። ዙሪያውን አየች። ከዚያ ቦታ ልትለቅ ጠጋ አለችና የለቀቀችውን ደጃፍ በመዳፏ ጠረገችው።