በሃይላንድ የመጣው የመሪ ዘይት

የአባቴ ሚኒባስ መሪ መጮህ የጀመረው መርሳ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ወደ ግራ ሲጠመዝዘው እንደተራበ ጥጃ ይጮሃል። ቆይቶ ደግሞ ከበደ። ከውርጌሳ ስንመለስ አንድ ኩርባ ላይ አልታዘዝ ብሎት ከፊታችን ወደሚመጣ የጭነት መኪና አቅጣጫ ገባን፤ አባቴ በሁለት እጁ ታግሎ አወጣን። ተሳፋሪው ማርያምን ሲጠራ እኔ የማስበው ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ስለ መካኒኩ።

መካኒኩ የክርስትና እናቴ ባል ናቸው፤ እኔም የክርስትና አባቴ እላቸዋለሁ። መርሳ ላይ ጋራዥ አላቸው፤ ከእኛ ገንዘብ አይቀበሉም። አባቴም መኪናውን ሰጥቷቸው ዞር ይላል። አበልጅ ሲሠራ አናቱ ላይ መቆም ለእሱ ሌባ ነህ እንደማለት ነው። እኔ ግን አላመንኩም። በነጻ የሚሠራ ሰው ጥሩ ዘይት ከየት አምጥቶ ያፈሳል? ከሌላው መኪና የተረፈውን በውሃ ሃይላንድ አጠራቅሞ ነው እንጂ። ይህን ለአባቴ ብነግረው አፍሽን ያዢ አለኝ።

ቅዳሜ አባቴን ተከትዬ ጋራዡ ሄድኩ። እሱ እንደልማዱ ወደ ገበያ ሲያዘግም እኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

"ልጄ፣ ልትማሪ ነው ወይስ ልትቆጣጠሪኝ?" አሉኝ የክርስትና አባቴ።

"ሁለቱንም።"

ኮፈኑን ከፍተው የመሪ ዘይቱን ክዳን ፈቱ፤ የነጭ ጨርቅ ጫፍ ነክረው አወጡ። ቀይ መሆን ነበረበት። የወጣው የደፈረሰ ነው። አሸተቱት።

"የፍሬን ዘይት ተቀላቅሎበታል። ማነው የጨመረበት?"

"እርስዎ ነዎታ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ባለፈው የሞሉትን ቀይ ዘይት ከነቆርቆሮው አምጥተው አሳዩኝ። ቆርቆሮ ማሳየት ማንም ይችላል ብዬ አልተረታሁም። አባቴ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ ግን ዓይኑን ወደ ሾፌር ወንበር ሰረቅ አደረገ። እጄን ከወንበሩ ሥር ብሰድ ግማሽ ዘይት የቀረበት ሃይላንድ አገኘሁ።

ለካስ የመሪው ዘይት ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠብ ኖሯል። አባቴ ሁልጊዜ በነጻ ማሠራት ነውር ሆኖበት፣ አንድ ሾፌር ውርጌሳ ላይ በሃይላንድ የሰጠውን የፍሬን ዘይት ሲጨምርበት ከርሟል።

"አበልጄ፣ ነጻው እኮ የእጄ ሥራ ነው" አሉት የክርስትና አባቴ። "መሪው የሰው ነፍስ ይዟል።"

የፍሬን ዘይት የመሪውን ላስቲክ አሳብጦ እንደሚያበላሽ እየነገሩን አሮጌውን አፈሰሱ፣ ውስጡን አጠቡ፣ ያበጡትን ላስቲኮች ቀየሩ። አዲሱን ቆርቆሮ እንደታሸገ ለእኔ አቀብለው ክፈቺው አሉኝ። ከፈትኩት። ቀይ ነው። አሸተትኩትም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የዘይቱን ቀለምና ልክ አያለሁ፤ ጠብታ ካለ ብዬም ጎንበስ እላለሁ። አንድ ቀን አባቴ ቁልፉን እያሽከረከረ፣ "አሁን ደግሞ ማንን ነው የምትጠረጥሪው?" አለኝ።

"አንተን።"

ወንበሩን ገፋ አድርጎ ሥሩን አሳየኝ። ባዶ ነው። የኋላ ወንበሮቹንም ሥር አየሁ።