የዋሻዋ ሸረሪትና የእናቴ ዓይን

ባለፈው ዓርብ ከወታደር ቤት ለሰንበት የሚመጣውን ትንሹን ልጄን ለመቀበል እስራኤል ውስጥ በምንኖርባት ከተማ፣ አፉላ፣ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ነበር። ልጁ መኪና ውስጥ እንደገባ፣ ሰላም እንኳ በወጉ ሳይለኝ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና «እማ፣ እንዳትጮኺ፤ ይቺን ብቻ እያት» አለኝ። ስልኩ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ እጆቿ በእሾህ የታጠሩ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ሁለት ረጃጅም ነገሮች ከፊቷ የዘረጋች ፍጥረት ናት። ከሥሯ ያለው ጽሑፍ በገሊላ ዋሻዎች ውስጥ እንደምትኖር፣ ከጨለማው ብዛት ዓይኖቿ መክሰማቸውንና በዚህም ምክንያት ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ መለየቷን ይናገራል። ልጄ ጩኸቴን ይጠብቃል። እኔ መነጽሬን አደረግሁና እግሮቿን ቆጠርኩ።

«ስድስቱ መሄጃ፣ ሁለቱ አለንጋ። ጭራ የላትም፤ መርዝም የላትም» አልኩት።

የደነገጠው እሱ ሆነ። «ምን? አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽ?»

«አያትህ አንድ ጊዜ ከስሳት ነበር» አልኩና መኪናውን አስነሳሁ። ኮረብታውን ወጥተን ሠፈራችን ጊቫት ሃሞሬ እስክንደርስ ድረስ አላስቆመኝም፤ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኩት።

ያኔ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንጫን ልጅ ስለነበርኩ ዕብራይስጡ ቶሎ ገባኝ፤ በዚያው የቤተሰቡ አፍ ሆኜ ቀረሁ። ደብዳቤ ሲመጣ እኔ፣ ባንክ እኔ፣ ሐኪም ቤት እኔ። እንግዲህ ለባግሩት፣ ማለት ለመልቀቂያው ፈተና፣ የባዮሎጂ ተማሪ ሁሉ አንድ ቦታ መርጦ እዚያ የሚኖረውን ፍጥረት ማጥናት አለበት። ጓደኞቼ ብልጥ ናቸው፤ አንዷ የትምህርት ቤቱን ጥድ፣ ሌላዋ የጉንዳን ቤት መረጠች። እኔ አትግቢ የተባልኩበት ካልገባሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝና ዋሻ አልኩ።

መምህሬ ሪና በብርድም በሙቀትም ሰንደል ጫማ የማታወልቅ፣ ቀጭን፣ ችኩል ሴት ነበረች። ፋሲካ እየተቃረበ ስለነበር በሸለቆው መንገድ ግራና ቀኝ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው። ከመሀል ከተማ የገዛነውን ትኩስ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈልን፣ በትንሿ መኪናዋ ወደ ገሊላ ወጣን። የሱፍ ነገር ሲነሳ አፉላን የሚያህል የለም፤ ይህን ስል የሚከራከረኝ ሰው ቢኖር አልሰማውም። ዛሬም ጨው የበዛበት ሱፍ ስቀምስ ያ መንገድ ይመጣብኛል።

የዋሻው አየር እርጥብ ነው፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። ሪና አንድ ድንጋይ ቀስ ብላ ስትገለብጥ ከሥሩ አንድ ነገር እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ሮጠ። «ጊንጥ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ጊንጥ ከሆነች ጭራዋ የታለ?» አለች ሪና እየሳቀች። «ባለ አለንጋ ሸረሪት ናት። አሁን አንቺ ነሽ ያስፈራሻት።»

ሥዕሏን ሥዬ ስጨርስ ወደ ዋሻዋ ልንመልሳት ተስማምተን፣ አፉ ሰፊ በሆነ የወይራ ጠርሙስ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አንጥፈን አስገባናት።

እናቴ ጠርሙሱን ስታይ ክው አለች። «ምንድን ነው ቤቴ ያስገባሽብኝ? ሰው ለፋሲካ ቤቱን ያጸዳል፤ አንቺ ሸረሪት ታስገቢያለሽ?» መምህሬ ናት ያዘዘችኝ ስላት በረንዳውን አሳየችኝ፤ እናቴ ለአስተማሪ የነበራት አክብሮት ወሰን አልነበረውም። ጠርሙሱ በረንዳ ላይ፣ ባልዲና መጥረጊያ ካለበት ጥግ ተቀመጠ። ባጠገቡ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርጋለች። ግን ደግሞ አንጀቷ አይችልም፤ አንድ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ «ይቺ ፍጥረት ታፍና ትሙት?» ብላ ክዳኑን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ አይታት፣ መልሳ ዘግታለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ግንባሯን በአንድ ጎን ያቃጥላት ጀመር። ራስ ምታት መስሏት በሻሽ ጠፍራ አሰረችው። ከዚያ ከቅንድቧ በላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ መጥተው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሸረሪት ሸንታብሽ ነው» አሉ።

በእኛ ዘንድ ይህ ፍርድ ይግባኝ የለውም። ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ፊቱ ውሃ ቋጥሮ የተነሳ ሰው ሸረሪት ሸንታበታለች፤ ማን አየ ተብሎ አይጠየቅም። እኛ ቤት ደግሞ ተከሳሿ ጠርሙስ ውስጥ ቁጭ ብላለች። እናቴ ክዳኑን መክፈቷን የነገረችን ያን ጊዜ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ የሺ ፌጦ በሎሚ ለውሰው ቀቧት። በማግስቱ የቀኝ ዓይኗ ቆብ አብጦ ተከደነ። ክንዷን ይዤ፣ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ወደ ኩፓት ሆሊም ወረድን፤ የሠፈራችን ሰው ሐኪም ቤቱን የሚጠራው በዚሁ በዕብራይስጥ ስሙ ነው።

ሐኪሙ ከሩሲያ የመጣ ደግ ሽማግሌ ነበር፤ ዕብራይስጡ ከእኔ አይሻልም።

«በይ ንገሪው፤ ሸረሪት ሸንታብኝ ነው በዪው» አለች እናቴ።

እንዳለችው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ሸረሪት ሰው ላይ አትሸናም። እናትሽ ተኝታ ሳለ ነክሳት ይሆናል። እዚህ አገር ንክሻዋ ሥጋ የሚያበሰብስ ሸረሪት አለች።»

ሥጋ የሚያበሰብስ!

«ምን አለሽ?» አለች እናቴ። «ልጀ፣ ምን አለሽ?»

«ቅባት እሰጣታለሁ ነው የሚለው» አልኳት። ሌላውን ለመተርጎም አፌ አልታዘዘኝም።

ሐኪሙ ሸረሪቷን አይተናት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቤታችን አለች ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። «ቤታችሁ? በሕይወት? በይ አምጪያት። ዓይነቷን ካወቅሁ መድኃኒቱን አውቃለሁ።»

ጠርሙሱን ሹራቤ ሥር ደብቄ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ተራ ከሚጠብቁት አንዷ ሴት ብቅ ያለውን ክዳን አይታ ምንድን ነው ብትለኝ፣ እውነቱን ተናግሬ መጠበቂያ ክፍሉን በአንድ አፍታ ባዶ አደረግሁት። ሐኪሙ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳና ወዲያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። «ይህ ሸረሪት አይደለም። ጊንጥም አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም» አለ። ሐኪም ሲደነግጥ ያየ ሰው ማንን ሊይዝ ነው? እናቴ ኮሪደሩ ላይ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ተቀምጣለች። «ስሟን የሚያውቅ ሰው ካለ ሩጪ» ሲለኝ ጠርሙሱን አቅፌ ወደ ትምህርት ቤት በረርኩ።

ሪና ጠርሙሱን ተቀብላ በቤተ ሙከራው ማጉያ መነጽር ሥር አደረገችውና እኔን ወደ መነጽሩ ገፋችኝ። «አንቺ ራስሽ እይ። ስንት እግር ትሄድበታለች?»

«ስድስት።»

«ሁለቱስ?»

ሁለቱ አለንጋዎች ጠርሙሱን ዙሪያውን ይዳብሳሉ፤ ሰው በጨለማ ቤት ግድግዳ እንደሚዳብስ ማለት ነው። መሬት አይረግጡም። እሾሃሞቹ ክንዶቿ ፊቷ ላይ ታጥፈዋል፤ ትናንሽ ነፍሳት መያዣ ናቸው አለች ሪና። ጭራ የለም፤ መንደፊያ የለም፤ ድር የምታደራበትም የላትም። መንጋጋዎቿ ትንንሽ ናቸው፤ መርዝ አያመነጩም። ዓይኖቿን ፈልጊ ስትለኝ ብዙ ፈለግሁ። የነጣ ነጠብጣብ እንጂ ዓይን የሚባል አልታየኝም።

«ይቺ ፍጥረት እናትሽን ልታያት እንኳ አትችልም» አለች ሪና። «ቁስል ልታወጣባት ቀርቶ። ቁስሉ ራሱ ምን ይመስላል?»

ነገርኳት፤ በግንባሯ ቀኝ በኩል ብቻ ነው፣ መሀሉን አይሻገርም፣ ዛሬ ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ወርዷል። ሪና ሐኪም አይደለችም። ፊቷ ግን ተለዋወጠ፤ «ይህ ንክሻ አይደለም» ብላ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። እትዬ የሺ ሸረሪት፣ ሐኪሙ ሸረሪት፣ እኔም ሸረሪት! ሁላችን ጠርሙሱን ስንመለከት የእናቴን ፊት የሚመለከት ጠፍቶ ነበር። መኪናው ውስጥ ይህ ሲገባኝ እንባዬ መጣ፤ ሪና አይታ እንዳላየች ሆነች።

ሐኪሙ ሪና የነገረችውን ሰምቶ እንደጨረሰ ጠርሙሱን ወደ ጎን ገፋው። እናቴን ወደ መስኮቱ አዙሮ አገጯን በጣቱ ቀና አደረገ። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያሉትን ፍንጥርጣሪዎች ሲያይ እጁ ባለበት ቀረ። «ሸረሪት ስትሉኝ እኔም ሸረሪት አየሁ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ። ከዚያ ጮኸ፤ «ወደ ሚዮን! አሁኑኑ!» ሚዮን የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ነው። በሪና መኪና ሄድን። በሽታው በአማርኛ አልማዝ ባለጭራ እንደሚባል ያወቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ቀን የሰማሁት የዕብራይስጥ ስሙን ብቻ ነበር። የዓይን ሐኪሟ ሽፍታው አፍንጫ ጫፍ ከደረሰ ዓይን ውስጥም ይገባል፤ ጥቂት ብንዘገይ ኖሮ ዓይኑ አይተርፍም ነበር አለችኝ። ይህንንም ለእናቴ አልተረጎምኩም፤ ግን ከፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

እብጠቱ ጎድሎ ዓይኗ የተገለጠ ዕለት አልጋዋ ላይ ተቀምጬ «ሸረሪቷ እኮ ምንም አላደረገችሽም» አልኳት።

«ታዲያ ማነው?»

በልጅነቷ ጉድፍ የሚባለው የልጆች ሽፍታ ይዟት እንደነበር፣ በሽታው ያኔ ሲለቃት ከሰውነቷ እንዳልወጣ፣ ነርቯ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ አሁን እንደተነሳ ሐኪሟ የነገረችኝን ነገርኳት። እናቴ ብድግ ብላ ተቀመጠች።

«አገሬ ወገራ ሳለሁ የያዘኝ ጉድፍ? እስካሁን? አውሮፕላኑ ላይም አብሮኝ ተሳፍሮ?» አለች። «አየ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!»

ከሸረሪቷ ይልቅ ይህ አስፈራት። ለብዙ ጊዜ ገላዋን ስትታጠብ ክንድና ትከሻዋን እየነካካች፣ ሌላስ ምን ይዣለሁ እያለች ትገረም ነበር። ባለ አለንጋዋንም «አገሯ መልሷት፤ ስሟን በከንቱ አጠፋሁ» ብላ አስቸኮለችን፤ ሪናና እኔ እዚያው ድንጋይ ሥር ለቀቅናት። እናቴ ዛሬ ሸምግላለች። ቀኝ ዓይኗ ኃይለኛ ብርሃን ሲያገኘው ያነባል እንጂ የልጅ ልጆቿን አንድ በአንድ ትለይበታለች።

ልጄ ይህን ሰምቶ «ይሄ የድሮ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ዕብራይስጥ ይችላል» አለኝ። እኔም ልቤ ወደዚያው ያደላ ነበር። ያኔ ያስደነገጠኝ ሸረሪቷ ወይም ሽፍታው ብቻ አልነበረም። የአንዲት ሴት ዓይን በአንዲት ተማሪ ምላስ ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ ያውም እያንዳንዷን ቃል በትክክል በተረጎመች ተማሪ። እንዲህ ያለው ነገር ከእኛ ጋር አብሮ ያረጀ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ልጁን ባቡር አሳፍሬ የእናቴን የዓይን ጠብታ ለመውሰድ ወደዚያው ወደ ኩፓት ሆሊም ጎራ አልኩ። ነርሷ ፊት አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመዋል። ልጅቷ እዚህ የተወለደች ናት፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አላወረደችም።

«ብርድ መትቶኝ ነው በያት» አሉ አሮጊቷ።

ልጅቷ በጥሩ ዕብራይስጥ ብርድ ይዟቸው ነው አለቻት፤ በዕብራይስጥ ደግሞ ይህ ጉንፋን ማለት ብቻ ነው። ነርሷም ፈገግ ብላ ትኩስ ሻይ ጠጥተው እንዲያርፉ፣ ካልተሻላቸው ነገ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ለመሄድ ዞር አሉ። ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት፤ አመድ መስሏል፤ ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። መቼ ከወንበሬ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«እማማ፣ ብርዱ የቱ ጋ ነው የመታዎት?»

መዳፋቸውን በግራ ደረታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ትከሻቸው ወሰዱት፤ ከትከሻቸውም ወደ ክንዳቸው አወረዱት። ለመተርጎም አፌን ስከፍት ነርሷ ወንበሯን ገፍታ እየሮጠች ነበር።