ኮሚቴ አይበደርም

አንዲት ማህተም ለማስቀረጽ አምስት ወር ፈጀብን። ለፋብሪካ አይደለም፤ ሆሳዕና ውስጥ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በየሳምንቱ አሥር አሥር ብር ቆጥበው እርስ በርስ እንዲበደሩ ነው። የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝና የቁጠባና ብድር ማህበርን ጥቅም ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ስለ ማህተሙ የነገረኝ መጽሐፍ ግን የለም።

ሐሳቡን ያመጣው የቤት ኪራይ ነው። ከሌሞ ቀበሌዎችና ከፎንቆ በኩል የሚመጡ ልጆች ከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት እየሆኑ ክፍል ይከራያሉ፤ አርብ ወደ ቤታቸው ሄደው እሁድ ቆጯቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ኪራዩ የሚደርሰው አባት የሚሸጠው ነገር በሌለው ጊዜ ከሆነ ወይ አራጣ ነው፣ ወይ ትምህርት መተው። በየዓመቱ ስም ስጠራ "አቋርጧል፣ አቋርጣለች" ሲሉኝ ሰለቸኝ።

ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱ ስም ከገንዘብ ጋር እንዳይነካካ ፈሩ። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ መፈረም አይችልም አለ። የሞላቸውን ለይቼ ብሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጎድላል ተባልኩ፤ ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ኃላፊው ስልጠና ሄደዋል። ፋይላችንን የያዘው ሰውዬ በሄድኩ ቁጥር ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ይሸኘኛል። አንድ ቀን እንቁላሉስ ሄዷል፣ የቀረነው እኛ ነን ብዬው ወጣሁ። ያቺ ምላሴ ሁለት ሳምንት ሳታስጨምርብን አልቀረችም።

እስከዚያው ደንባችንን እንጻፍ ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ያህል ተማሪ ሰበሰብኩ። በጸሎት ተከፈተ፤ የጸለየው ልጅ ስለማያሳጥር አጀንዳው ላይ የደረስነው ዘግይተን ነው። ከዚያ አንዱ ተነሣና የአባቱን የገበሬዎች ማህበር የበላው ኮሚቴው ራሱ እንደሆነ ተናገረ። ይሄኔ ክፍሉ በሙሉ ወደ ሀዲይኛ ገባ፤ ሁሉም የየቀበሌውን ጉድ ማውራት ጀመረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለውን እነዚህ ልጆች በዓይናቸው አይተውታል።

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጇን ያወጣችው ያን ጊዜ ነው። ከሌሞ ገጠር በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ የምትመጣ፣ ካልጠየቅኋት የማትናገር ልጅ ናት። ኮሚቴ የሆነ ሰው የአገልግሎት ዘመኑ እስኪያልቅ አይበደር አለች። ተጨበጨበላት። እኔም እንደ ሞኝ አብሬ አጨበጨብኩ። ይህን ያሰበች ልጅ ታማኝ ናት ተብሎ እዚያው በሙሉ ድምፅ ገንዘብ ያዥ ሆነች። ሰው አምኖ ሲመርጥህ እንቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነውና ተቀበለች። ከሁሉ የምናምናትን ልጅ መርጠን ለአንድ ዓመት ከብድሩ እንደከለከልናት ያን ቀን ከመካከላችን ያስተዋለ አልነበረም።

ማህተሙ በጥር ወጣ። የመጀመሪያው ተበዳሪ ለኪራይ ብሎ በወሰደው ብር ጫማ ገዛበት፤ ያውም ነጭ ጫማ፣ ያውም ዝናብ ሊገባ ሲል። ጠርቼ ተቆጣሁት። ጓደኞቹ ግን ከመለሰ ምን አገባን ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፣ መለሰ።

የበልጉ ዝናብ ሲገባ ገንዘብ ያዣችን ማርፈድ ጀመረች። መንገዷ ላይ ያለው ወንዝ ሲሞላ በድልድዩ ዞራ ነው የምትመጣው፤ ዘበኛው ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ይዘጋል። እስከ ዕረፍት ሰዓት ውጭ ትቆማለች። ስትገባ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ አንዳንዴ ደብተሯ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል።

አንድ ቀን የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከጓደኛዋ ጋር እስከ ፈተናው የሚከራዩት ክፍል አግኝተዋል፤ አከራይዋ የሁለት ወር ቅድሚያ ጠይቀዋል፤ አባቷ እስከ ሰኔ የሚሸጡት ነገር የላቸውም። ከኮሚቴው ብወጣ መበደር እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ዛሬ ወጥተሽ ነገ ብትበደሪ ልጆቹ ምን ይሉሻል አልኳት። "ትንሽ ታገሺ፤ ለስምሽ ብዬ ነው።"

"እሺ ቲቸር" አለችና ሄደች።

ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቼ ያንን አንቀጽ ማሻሻል እችል ነበር። ለመጥራት የአሥራ አምስት ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል፤ ያስጻፍኩት እኔው ነኝ። ከኪሴ ልስጣት ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን ወንድ መምህር ለሴት ተማሪ ቤት ተከራየላት ቢባል ከተማው የሚያወራውን ፈራሁ። ለስምሽ ያልኳት ውሸት ነው። የጠበቅሁት የራሴንና የማህበሬን ስም ነበር። ይህን ለራሴ ለማመን ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ እስከ ዛሬም ያናድደኛል።

ክፍሉን ጓደኛዋ ከሌላ ልጅ ጋር ተከራየችው፤ ከማህበሩ ተበድራ። ብሩን ቆጥራ የሰጠቻት ገንዘብ ያዣችን ናት። በማግስቱም ዝናብ ነበር፤ በሩ ተዘግቶባት በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት።

ፈተናውን ወሰዱ። ውጤት ሲመጣ ጓደኛዋ አለፈች፣ እሷ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ብዙ ልጅ ወድቋልና ምክንያቱ መንገዱ ብቻ ነው አልልም። ግን በጥቂት ነጥብ ነው።

ጥቅምት ላይ ለአዲሱ ኮሚቴ ለማስረከብ ከገጠር መጣች። አንድ ብር አልጎደለም። ልጆቹ ቆመው አጨበጨቡላት። እንደጨረሰች ወደ ጎን ጠራኋትና አሁን ከኮሚቴው ወጥተሻል፣ ብድር ውሰጂና በግል ድጋሚ ተፈተኚ፣ ዋስ እኔ እሆንሻለሁ አልኳት። ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ድምፄም ሞቅ ብሎ ነበር። አባቷ ታመው የእርሻው ሥራ በእሷ ላይ መውደቁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ልጆቹ ከወዲያ ያዩን ስለነበር ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ።

"ያኔ ነበር እኮ፣ ቲቸር።"