በሰንጢዋ ጀርባ ላይ የነበረችው መቃ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከንፋስ መውጫ ሲመጣ አንድ የቢላ መሳያ ይዞ መጣ። እዚያ ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው። መሳያው ቢላውን በጀርባው ነክሶ የሚይዝ ብረት አለው፤ ድንጋዩ ደግሞ ዘንግ ላይ ተገጥሞ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። ድንች የምልጥባትን የአባቴን ሰንጢ ወስዶ መሳያው ላይ አሰራት። እኔም እንደ ልማዴ ጣቶቹን እየጠበቅሁ አጠገቡ ቆምሁ። ሰሞኑን ድንች ስልጥ እጄ መሳት ጀምሯል፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም።

«ጣትህን ዞር አድርግ» አልሁት።

«እማዬ፣ የስለቱን ማዕዘን ራሱ ነው የሚጠብቀው። እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ አይስትም።»

ይህን ሲል ልቤ ወደ ተወለድሁባት ቤተ ልሔም፣ አባቴ ቤት ሄደ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ላይ በመቃ ብዕር ይጽፋሉ። ብዕሩን የሚቀርጹባት ሰንጢ ይችው ነበረች፣ ቀንድ እጀታዋ ውስጥ የምትታጠፍ። ከደነዘዘች መቃው ይቦጫጨቃል፣ የተቦጫጨቀ መቃም ቀለም ያዝረከርካል። ስማዳ ላለ አንድ ደብር መጽሐፍ ሲጽፉ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሚጽፉበት ጊዜ ክርናቸው ጉልበታቸው ላይ ስለሚያርፍ ይረጋሉ፤ ሰንጢዋን ሲስሉ ግን እጃቸው የሚያርፍበት የለውም። ድንጋዩ ላይ አንዴ ትጋደማለች፣ አንዴ ቀጥ ትላለች፣ ስለቷም ይሞታል።

ገብሱ ሲያሸት የደብሩ አለቃ በበቅሎ መጡ። ቀለም የተዝረከረከበትን የብራና ቅጠል አይተው፣ ደክመው እንደሆነ ሥራውን ለሌላ ጸሐፊ እንስጠው አሉ፣ በትሕትና።

«እጄ አልደከመም። ሰንጢዋ ናት» አሉ አባቴ።

አለቃው እንግዲህ ለመስቀል እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

ቁም ጸሐፊ ብዕሩን የሚቀርጸውም ሰንጢውን የሚስለውም ራሱ ነው፤ ለሌላ እጅ አይሰጥም። ይህን እያወቅሁ፣ «አባባ፣ እኔ ልሳልልዎ?» አልኋቸው።

«ነገ ደግሞ ብዕሩን ልያዝልዎ ልትዪ ነው?»

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ደህና በነበሩ ጊዜ ሲስሉ አይቻለሁ፤ የሰንጢዋ ጀርባ ከድንጋዩ የአንዲት አተር ያህል ከፍ ይል ነበር። ቅዳሴ ሲሄዱ ከወዳደቀው መቃ አንዲት ቁራጭ አነሣሁ። የሰንጢዋን ስለት እንዳይቆርጠኝ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ መቃዋን በቁመቷ ሰንጥቄ ጀርባዋ ላይ አጠለቅሁባት። ድንጋዩ ላይ ሳስተኛት መቃዋ ጀርባዋን ደግፋ ያዘችው። እዚያው ትቻት ባቄላ ወደ መልቀሙ ተመለስሁ።

አባቴ ሲመለሱ አነሷት፤ ብዙ ጊዜ አዩዋት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። መቃዋን ነቅለው የሚወረውሩ መሰለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ሲያደርጉ ሰማሁ፣ ቀጥሎም አንድ ወጥ የሆነ፣ የማይቆራረጥ ድምፅ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ሰንብቶ ነበር።

ለመስቀል መጽሐፉ በአለቃው በቅሎ ወደ ስማዳ ሄደ። አባቴ ስለ መቃዋ ምንም አላሉም። ብዙ ሰንብተው አንድ ቀን፣ «አንቺ ልጅ፣ ያች መቃ አልቃለች፤ ሌላ ሰንጥቂ» አሉኝ።

ልጄ እሑድ ከሰዓት ሚኒባስ ተሳፈረ፤ በር አጠገብ እንዳይቀመጥ አደራ ብዬ ሸኘሁት። ቤት ስገባ መሳያው ከድንች ቅርጫቴ አጠገብ ተቀምጧል። ረስቶት ሄዷል ብዬ ልደውልለት ስልኬን አነሣሁ። ስልኩን የያዘው እጄ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን መልሼ አስቀመጥሁት። ረስቶት ሳይሆን ለእኔ ትቶት እንደሄደ፣ አባቴም ስለ መቃዋ ለምን ዝም እንዳሉ ያን ጊዜ ገባኝ።

ማታ ልጄ ሲደውል መንገዱ እንዴት እንደነበር ብቻ ጠየቅሁት።