አምባሮ የማለችበት ቁርኣን

አምባሮ በዕድሜዋ የዋሸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ክፉ ድርቅ ከብቶቿ ሲያልቁባት ሁለት ልጆቿን ይዛ ስደተኞች ካምፕ ሄደችና "ከድንበር ማዶ ነው የመጣነው" አለች። የተወለደችው እዚሁ ኬንያ፣ ታና ወንዝ አጠገብ ነው፤ ዱቄቱና ዘይቱ የሚሰጠው ግን ለስደተኛ ነበር። የአሥራ አራት ዓመቱ ደቆ አሻራ ሰጠ። ሳላት ስድስት ዓመቱ ስለነበር የእርዳታ ካርዱ ላይ ስሙ ብቻ ተጻፈ። ግማሹ መንደር እንደዚያው አድርጓል፤ ከዱቄቱ እኔም በልቻለሁ።

ደቆ አድጎ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ መሣሪያው አሻራውን አይቶ "ስደተኛ" አለው። አያት ቅድመ አያቱን እስከ አሥራ አምስተኛው ቢቆጥር ማን ሰምቶት! ፖሊስ መታወቂያ የሚጠይቅበትን የታናን ድልድይ ሳይሻገር ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላው። ሳላት ግን መታወቂያውንም መንጃ ፈቃዱንም አወጣ፤ ናይሮቢ ድረስ ከብት የሚጭን መኪና እየነዳ ቤተሰቡን ያኖር ጀመር።

ከዚያ አንድ ሹም መጣ። ዛፍ ሥር ሰብስቦን "እውነቱን የተናገረ ሰው ስሙ በስድሳ ቀን ከስደተኛ መዝገብ ይሰረዝለታል፤ የመንግሥት ቃል ነው" አለ። ቃል ከሚቀበሉት አምስት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ቁርኣኑን ያቀረብኩትም እኔው ነኝ፣ እጄን በቆረጠው!

አምባሮ ተራዋ ሳይደርስ ጠጋ አለችኝ።

"ሐጂ፣ ይታመናሉ እነዚህ?"

"ምን ነካሽ? መንግሥት እኮ ነው! የከብት ደላላ መሰለሽ እንዴ?" ብዬ ሳቅኩባት።

ምላ የደቆን ነገር አንድ በአንድ ተናገረች። ሹሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ካርዱ ላይ ሌላ ማን ነበር?" አላት። እጇ ቁርኣኑ ላይ ነው። ከእሷ በፊት የቀረቡት "ማንም የለም" እያሉ ነበር የሚነሱት። እኔን አየችኝና "ታናሹ፣ ሳላት" አለች።

ስድሳው ቀን አለፈ፤ ሁለት ዓመትም አለፈ። የደቆ ስም አልተሰረዘም። የሳላትን መታወቂያ ግን ድልድዩ ላይ ያሉት ፖሊሶች "ጉዳይህ እየተጣራ ነው" ብለው ወሰዱበት። የመኪናው ባለቤት ሌላ ሾፌር ቀጠረ። ሳላት እናቱን ሰላም ማለት ተወ። ስለ እነሱ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም፤ "ያ ሹም ተዛውሯል" ይሉኛል፣ ቃሉም አብሮት የተዛወረ ይመስል።

ዘንድሮ ሌላ ሹም መጣ። ዛፉም ቃሉም ያው ነው።

"ሐጂ፣ ቁርኣኑን ያምጡልን" አለኝ።

አምባሮ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። "አዎ፣ አምጣው። እኛ ምለናል፤ ዛሬ ደግሞ እሱ ይማል።"

"ይማል! ይማል!" አሉ ሴቶቹ።

ሹሙ ፈገግ አለ። "እናቴ፣ እኛ ለሥራ ነው የመጣነው። አሠራሩ መማል አይፈቅድልንም።"

"የእኔም አሠራር ከእንግዲህ አይፈቅድም" ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ቃሉን ሊሰጥ የተነሳ ሰው የለም።

ሹሙ "ሕዝቡ ፍላጎት አላሳየም" ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። "እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ሐጂ።"

የልጅ ልጄ የመታወቂያ ማመልከቻ እዚያው እሱ እጅ ነበር። አምባሮ እያየችኝ ፈረምኩ።